ከሰከንዱ በፊት መሰኪያውን ይዩ፦ ስለ ፈጣን የኤሌክትሪክ መኪኖች የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር ማስገባት በመከልከሉ፣ ስፖርት መኪና የሚወድ ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ ኤሌክትሪክ አዙሯል። ለአምዳችን የደረሱት ደብዳቤዎችም ይህንኑ ያሳያሉ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርገን፣ ብዙ ገንዘብ የሚያስበላውን በሰፊው፣ ቀላሉን ባጭሩ መልሰናል።

ጥያቄ፦ ሥራዬ ሜክሲኮ፣ ቤቴ ሳር ቤት ነው። ሦስት መኪኖች ዓይኔ ገብተዋል፦ ከዱባይ የመጣ የ2021 ፖርሽ ታይካን 4ኤስ፣ ከቻይና የመጣ ሻውሚ ኤስዩ7 ማክስ እና ባለ ሁለት ሞተር ቢዋይዲ ሲል። ሻጮቹ የሚነግሩኝ ከ0 ወደ 100 በስንት ሰከንድ እንደሚገባ ብቻ ነው። የትኛው ይሻለኛል?

መልስ፦ ሻጮቹ የሚነግሩዎት ቁጥር ውሸት አይደለም። አምራቾቹ ለኤስዩ7 ማክስ 2.78፣ ለሲል 3.8፣ ለታይካን 4ኤስ 4.0 ሰከንድ ይሰጣሉ። ነገር ግን ከሳር ቤት ሜክሲኮ ሲመላለሱ ይህችን የአንድ ሰከንድ ልዩነት የሚያዩበት ቦታ የለም። መኪኖቹን በእውነት የሚለያያቸው ለየትኛው አገር ገበያ መሠራታቸው ነው። የት ቻርጅ እንደሚደረግ፣ ስክሪኑ በምን ቋንቋ እንደሚጽፍ፣ ሲበላሽ ማን ሊከፍተው እንደሚችል የሚወሰነው በዚያ ነው።

መጀመሪያ ከፊት መስታወቱ ሥር ያለውን ባለ 17 ሆሄ የሻንሲ ቁጥር ወረቀት ላይ ይገልብጡ። በኤል የሚጀምር ቻይና፣ በደብሊው የሚጀምር ጀርመን፣ በኬ የሚጀምር ኮሪያ፣ በ5 ወይም በ7 የሚጀምር አሜሪካ የተሠራ ነው። ከዚያ አሥረኛውን ሆሄ ይዩ፤ እሱ የሞዴሉን ዓመት ይናገራል፦ ኤም 2021፣ ኤን 2022፣ ፒ 2023፣ አር 2024፣ ኤስ 2025። ሻጩ "የ2024 ነው" እያለዎት አሥረኛው ሆሄ ፒ ከሆነ የአንድ ዓመት ዋጋ ሊያስከፍልዎት ነው።

የሻንሲ ቁጥሩ የተሠራበትን ፋብሪካ እንጂ የታሰበለትን ገበያ አይነግርዎትም። ያንን የሚናገረው የቻርጅ ማድረጊያው መሰኪያ ነው፤ ክዳኑን ከፍተው ይዩት። ሁለት የተለያዩ ክብ መሰኪያዎች ካሉ፣ አንዱ ለኤሲ (ለቤቱ ዝግተኛ ቻርጅ) ሌላው ለዲሲ (ለጣቢያው ፈጣን ቻርጅ)፣ የቻይናው ጂቢቲ ነው። ከላይ ሰባት ቀዳዳ፣ ከሥሩ ሁለት ወፋፍራም ቀዳዳ ያለው የአውሮፓው ሲሲኤስ 2 ነው። ከላይ አምስት ቀዳዳ ብቻ ካለው የአሜሪካው ሲሲኤስ 1 ነው። ይህ ለእርስዎ ታይካን ትልቅ ትርጉም አለው፦ በባሕረ ሰላጤው አገሮች በመደበኛነት የሚሸጠው ታይካን ሲሲኤስ 2 ነው። "የዱባይ ነው" የተባለው መኪና አምስት ቀዳዳ ካለው ከአሜሪካ ዱባይ ተሻግሮ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ እንዲህ የሚሻገሩት ተጋጭተው በጨረታ የተሸጡ መኪኖች ናቸው። የግጭት ታሪኩ በወረቀት ካልመጣ ይተዉት።

መለወጫ ገዝተን እንገላገላለን የሚሉ አሉ። ለኤሲ እውነት ነው፤ ሽቦ ከሽቦ የሚያገናኝ ቀላል ዕቃ ነው። ለዲሲ ግን ጂቢቲና ሲሲኤስ ከጣቢያው ጋር የሚነጋገሩበት መንገድ ፈጽሞ የተለያየ ስለሆነ፣ መለወጫው ውስጥ ሁለቱን የሚያስተረጉም ኤሌክትሮኒክስ መኖር አለበት። ርካሹ መሃል ላይ ያቋርጣል፣ ይግላል። መኪናውን ከመግዛትዎ በፊት በየቀኑ በሚያልፉበት መንገድ ላይ ያሉትን ጣቢያዎች ሄደው በየገመዱ ጫፍ ያለውን መሰኪያ በዓይንዎ ይመልከቱ። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የከፈተውና ክፍያው በቴሌብር የሚፈጸምበት ፈጣን ጣቢያ አንዱ መነሻ ሊሆንዎት ይችላል። ቻርጀሩ ላይ የተለጠፈውን የአቅም ሰሌዳም ያንብቡ፤ ከፍተኛው ቮልቴጅ 500 ከሆነ ታይካንና ኤስዩ7 ማክስ ይቸገራሉ፣ ሁለቱም የ800 ቮልት መኪኖች ናቸውና። የመጀመሪያው ዙር ታይካን (የ2021ዱም ከዚያ ነው) በ400 ቮልት ጣቢያ የሚወስደው 50 ኪሎዋት ብቻ ነው፤ 150 የሚወስደው ተጨማሪ ተከፍሎበት የታዘዘ ከሆነ ነው። የሲል ባትሪም ከ500 ቮልት ከፍ ስለሚል በዚያ ጣቢያ መሙላቱን አስቀድመው ይሞክሩ።

ኤስዩ7ን አምራቹ በይፋ የሚሸጠው ቻይና ውስጥ ነው። ስለዚህ እዚህ የደረሰው ሁሉ ስክሪኑ ቻይንኛ፣ ውስጡ ያለው ሲም የቻይና፣ አፑም ከቻይና አካውንት ጋር የተሳሰረ ነው። የቀድሞው ባለቤት መኪናውን ከአካውንቱ ካልፈታ በስልክ መክፈትም ሆነ ሶፍትዌሩን ማደስ ፈተና ይሆናል። እጅግ ግሩም መኪና ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ግን ባለቤቱን ብቻውን የሚያስቀር መኪና ነው።

የእኛ ምርጫ ቢዋይዲ ሲል ነው፤ ለውጭ ገበያ የተሠራው ከተገኘ ደግሞ ይበልጥ። 82.5 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪው ኤልኤፍፒ (ሊቲየም ብረት ፎስፌት) የሚባለው ዓይነት በመሆኑ እስከ 100 በመቶ መሙላትን ይችላል፣ 530 ፈረስ ጉልበቱ ለማንም ይበቃል፣ የቢዋይዲ መኪና ደግሞ ከተማው ውስጥ በብዛት ስላለ መካኒኩም ዕቃውም ይለመዳል። መሪው፣ ፍሬኑና አያያዙ ታይካን ላይ አይደርስም፤ ይህንን መደበቅ አንፈልግም። መንዳት በራሱ ደስታዎ ከሆነና ከታች የምንዘረዝረውን ምርመራ ካለፈ ታይካኑን ቢገዙ አንቃወምም።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ታይካን ልገዛ ተስማምቻለሁ። ደላላው "ባትሪው 98 በመቶ ነው" ብሎ ከስክሪኑ ፎቶ ላከልኝ። ይህን ማመን ይቻላል? ራሴ የማጣራበት መንገድ ካለ ንገሩኝ። (ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ ስክሪኑ ላይ የሚታየው መቶኛ አሁን ያለው ቻርጅ ነው፤ የባትሪው ጤንነት አይደለም። ያረጀ ባትሪም ሲሞላ 100 ይላል። ከሁሉ የሚታመነው ቆጣሪ ያለበት ቻርጀር ይዞ የገባውን ኤሌክትሪክ መለካት ነው፤ ጊዜ ይወስዳል እንጂ ከባድ አይደለም።

መኪናውን 20 በመቶ እስኪደርስ ይንዱት። ከዚያ በኤሲ፣ በ7 ኪሎዋት ገደማ፣ እስከ 80 በመቶ ቻርጅ ያድርጉ፤ ስምንት ሰዓት ያህል ስለሚፈጅ ማታ ተሰክቶ ቢያድር ይሻላል። የቻርጀሩ ቆጣሪ ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንደሰጠ ይመዝግቡ። ከዚያ ላይ አሥር በመቶ ያህሉ በሙቀት ስለሚባክን በ0.9 ያባዙት፣ ውጤቱን ለ0.6 ያካፍሉ። የመጀመሪያው ዙር ታይካን ከትልቁ ባትሪ ጋር ሲሆን አዲስ ሳለ የሚጠቀምበት 83.7 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ቆጣሪው 48 ካሳየ፦ 48 በ0.9 ሲባዛ 43.2፣ ለ0.6 ሲካፈል 72 ይሆናል። 72 ለ83.7 ሲካፈል 86 በመቶ ነው። ስሌቱ ሁለት ሦስት በመቶ ወዲያና ወዲህ ሊል ይችላል፤ 98 እና 86ን ለመለየት ግን ከበቂ በላይ ነው። ከ85 በታች ከሆነ ዋጋው በደንብ መውረድ አለበት፤ ከ75 በታች ከሆነ አይግዙት። የባሕረ ሰላጤ ሙቀት ባትሪን ስለሚጎዳ ከዚያ በመጣ መኪና ላይ ይህን ፈተና መዝለል አይገባም።

ሁለተኛው ፈተና የሴሎቹ ቮልቴጅ ነው። የመኪናውን መረጃ በኦቢዲ (የብልሽት መመርመሪያ) መሰኪያ የሚያነብ ዕቃና አፕ ያለው ባለሙያ ይዘው ይሂዱ። መኪናው ለአንድ ሰዓት ቆሞ ሲለካ በከፍተኛውና በዝቅተኛው ሴል መካከል ያለው ልዩነት ከ20 እስከ 30 ሚሊቮልት ባይበልጥ ጥሩ ነው። ከዚያ አፑ እንደተከፈተ ጠንከር አድርገው ይነዱ፤ አንድ ሴል ብቻውን ከሌሎቹ በብዙ እየወረደ የሚመለስ ከሆነ ችግሩ ያ ነው። የኤልኤፍፒ ባትሪ ግን ከ30 እስከ 80 በመቶ ባለው መሃል ቮልቴጁ ስለማይንቀሳቀስ በሽታውን ይደብቃል። ሲልን የመሰለ መኪና ሲሆን ከ95 በመቶ በላይ ሞልተው ይለኩ።

ከዚያ ሊፍት ያለው ጋራዥ ወስደው ከሥር ያሳዩት። የባትሪው የታችኛው ልባስ ላይ ጭረት ችግር የለውም፣ የተጎደጎደ ግን ያሳስባል። ክሪክ የሚገባባቸው አራቱ ቦታዎች ዙሪያ ተጨማዶ ካዩ አንዱ ጎሚስታ ያለቦታው አንስቶታል ማለት ነው። ምንጣፉን ገልጠው የወንበሩን ብሎኖች ይመልከቱ፤ የዛጉ ከሆኑና የጭቃ መስመር ካለ መኪናው ውሃ ገብቶበታል። ብርቱካናማ ገመድ ያለበትን ክፍል መደበኛ ኤሌትሪሺያን እንዳይከፍተው። እዚያ ውስጥ ያለው ቮልቴጅ ይገድላል።

በመጨረሻ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ሽቅብ ይውጡ። ዳገቱ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ እስከ መጨረሻው ረግጠው፣ የጉልበት መቀነስ ማስጠንቀቂያ መምጣቱን ይጠብቁ። ሲወርዱ ደግሞ ፍሬኑ መርገብገቡን፣ ከፊት እግሩ የሚያንኳኳ ድምፅ መኖሩን ያዳምጡ። የኤሌክትሪክ መኪናን ፍጥነት ሞተሩ ራሱ ስለሚቀንሰው ዲስኩ እምብዛም አይሠራበትም፣ በክረምት ይዝጋል። ቱርቦ ኤስ ከሆነ ዲስኩ ሴራሚክ ነው፤ ጠርዙ የተፈነከተ ከሆነ የመለወጫው ዋጋ ያስደነግጣል።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ ፖርሽ በ2024 እ.ኤ.አ. እስከዚያ ድረስ የተሠሩትን ታይካኖች በሙሉ ለፊት ፍሬን ቱቦ ጥገና ይመለሱ የሚል ጥሪ አድርጎላቸዋል፤ ቱቦው ሊሰነጠቅና ዘይት ሊያፈስ ይችላል። የእርስዎ መኪና ቱቦው የተለወጠ መሆኑን በሻንሲ ቁጥሩ ያስጠይቁ። ካልተለወጠ መለወጡን የግዢው ቅድመ ሁኔታ ያድርጉት።

ጥያቄ፦ ፒያሳ አካባቢ በቆየ ቤት ነው የምንኖረው። መኪናው ይዞት የመጣውን ቻርጀር ሶኬት ላይ ስሰካ ቀይ መብራት አብርቶ ይቆማል። ኤሌትሪሺያን መጥቶ ሶኬቱ ውስጥ የሆነ ሽቦ አገናኘና ሠራ። አሁን ግን ሶኬቱ እየጋለ ነው። 7 ኪሎዋት ቻርጀር ግድግዳ ላይ ባሰቅል ይስተካከላል?

መልስ፦ ይህን መልስ እንዳነበቡ ቻርጀሩን ይንቀሉና ሶኬቱን አይጠቀሙበት። ቀይ መብራቱ የበራው ቤቱ ግራውንድ (ፍሳሽ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚወስድ መስመር) ስለሌለው ነው። ኤሌትሪሺያኑ ምናልባት ኒውትራሉን (የኤሌክትሪኩን መመለሻ ሽቦ) ከግራውንዱ ጋር አገናኝቶ ቻርጀሩን አታሎታል። እንዲህ በተሠራ ቤት ከምሰሶው የሚመጣው ኒውትራል አንድ ቀን ቢላቀቅ የመኪናው አካል በሙሉ 220 ቮልት ይይዛል፤ በሩን የሚነካው ልጅ ሊሆን ይችላል።

ትክክለኛው ሥራ ከመሬት ይጀምራል። ቢያንስ 1.5 ሜትር ርዝመት ያለው የመዳብ ዘንግ፣ ከተቻለ ጣሪያው ውሃ በሚያፈስበትና አፈሩ እርጥበት በሚይዝበት ቦታ ይቀበራል። ተቃውሞው በግራውንድ መለኪያ ይለካል፤ ከ10 ኦም በታች ይሁን። ከበለጠ፣ ሁለተኛ ዘንግ ከመጀመሪያው ቢያንስ በዘንጉ ርዝመት ርቆ ተቀብሮ ይያያዛል። በክረምት ብቻ ለክተው አይርኩ፤ በጋ ላይ አፈሩ ሲደርቅ ቁጥሩ ያድጋል።

ከዚያ ከብሬከር ሳጥኑ እስከ ቻርጀሩ ለብቻው የሚሄድ መስመር ይዘርጉ፤ ሌላ ሶኬት አይቀጠልበት። ለ32 አምፒር ባለ 6 ስኩዌር ሚሊሜትር የመዳብ ገመድ እስከ 30 ሜትር ይበቃል፣ የሚጎድለው ቮልቴጅ ስድስት አይሞላም። ከዚያ ከረዘመ ባለ 10 ያድርጉት። ብሬከሩ 40 አምፒር ይሁን። የፍሳሽ መቁረጫው (ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ወይም ወደ ሰው ሲያፈስ የሚያጠፋው) 30 ሚሊአምፒር ሆኖ ዓይነቱ ቢ ይሁን፤ ቻርጀሩ ውስጥ የ6 ሚሊአምፒር ዲሲ መቆጣጠሪያ ካለው ዓይነት ኤ ይበቃል። ገበያው ላይ የሚበዛው ዓይነት ኤሲ በዲሲ ፍሳሽ ይደነዝዛል፤ በሚያስፈልግበት ሰዓት ላይቆርጥ ይችላል።

አሁን የቤቱን ጭነት ይደምሩ። ቻርጀሩ 32 አምፒር፣ የእንጀራ ምጣድ 16 አምፒር ያህል፣ የውሃ ማሞቂያ 8 ገደማ፤ ድምሩ 56 ይሆናል። በአንድ ፌዝ የገባ የቆየ ቤት መስመር ይህን ላይሸከም ይችላል። የጋለውም ሶኬት ብቻ ላይሆን ይችላል፤ የዋናው ማብሪያ ብሎኖች፣ ከቆጣሪው የሚመጣው ገመድ ጭምር መታየት አለበት። አቅሙን የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ቢሮ ጠይቀው ያረጋግጡ፣ ካስፈለገ ሦስት ፌዝ ያመልክቱ። እስከዚያው ቻርጀሩን በ16 አምፒር አስተካክለው ማታ ከአራት ሰዓት በኋላ ያስጀምሩ። በቀን 40 ኪሎሜትር የሚነዳ ሰው የሚያጠፋው 8 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው፤ በ16 አምፒር ሁለት ሰዓት ተኩል ይበቃዋል። ብዙ ሰው 7 ኪሎዋት ካልሆነ ይላል፤ ለከተማ ኑሮ አያስፈልግም።

መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የሚመጣው ቮልቴጅ የተረጋጋ አይደለም፣ መኪናው ውስጥ ያለውን ቻርጀር ሊጎዳ ይችላል። ከ185 በታችና ከ250 ቮልት በላይ የሚቆርጥ፣ ከተመለሰ በኋላ አምስት ደቂቃ የሚጠብቅ መከላከያ መስመሩ ላይ ያስገቡ።

የሚገዙት የግድግዳ ቻርጀር ላይ የከፍታ ገደቡን ያንብቡ። ብዙዎቹ "እስከ 2,000 ሜትር" ይላሉ፤ አዲስ አበባ ደግሞ 2,355 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ቀጭን አየር ሙቀት በደንብ አይወስድም፣ በሁለት ሽቦዎች መካከል ብልጭታ እንዳይዘል የመከልከል አቅሙም ያንሳል። 3,000 ወይም ከዚያ በላይ የሚል ይምረጡ። ሥራው ካለቀ በኋላ አንድ ሰዓት ቻርጅ አድርገው የገመዱን ሁለቱንም ጫፍ በእጅ ይንኩ፤ እጅ የማይችለው ሙቀት ካለ ይቁም። ብሎኖቹ በመጀመሪያው ወር ስለሚላሉ በወሩ እንደገና ይጥበቁ።

ጥያቄ፦ ነዳጅ መኪናዬ ዳገት ላይ ይደክመኛል። የኤሌክትሪኩስ በከፍታችን ምክንያት ጉልበት ያጣል?

መልስ፦ ሞተሩ አየር ስለማይስብ አያጣም። ያለ ቱርቦ የሚሠራ የነዳጅ ሞተር እዚህ ከጉልበቱ ሩብ ገደማ ያጣል። የአየሩ መሳሳት ለኤሌክትሪክ መኪና እንዲያውም በፈጣን መንገድ ላይ ይጠቅማል፣ የሚገፋው አየር አነስተኛ ነውና። ጉዳቱ ማቀዝቀዣው ላይ ነው፤ ደጋግመው ከረገጡት ከባሕር ወለል ላይ ካለ ከተማ ቀድሞ ጉልበት ይቀንሳል። የማቀዝቀዣ ፈሳሹ ጎድሎ ካዩ ውሃ አይጨምሩበት፤ የራሱ ዓይነት አለው።

ጥያቄ፦ ቢሮዬ ኡራኤል አካባቢ ነው፤ ፓርኪንጉ ምድር ቤት ሆኖ መውጫው ቀጥ ያለ ነው። ዝቅ ያለ መኪና ይነካ ይሆን?

መልስ፦ ሳይገዙ መለካት ይቻላል። ቁመታቸው 10 ሴንቲሜትር የሆነ ሁለት እንጨት ይውሰዱ። መወጣጫው አልቆ ሜዳ በሚሆንበት ጉብታ ላይ፣ አንዱን ከታች አንዱን ከላይ፣ 2.9 ሜትር አራርቀው ያስቀምጡ፤ የታይካንም የሲልም የፊትና የኋላ ጎማ ርቀት ይህን ያህላል። በሁለቱ እንጨቶች አናት ላይ ሲባጎ ይወጥሩና ጉብታው በሁለቱ መካከል እንዲሆን ወደፊትና ወደኋላ ያንቀሳቅሱ። ሲባጎው መሬት ከነካ ቢዋይዲ ሲል ይነካል፤ ከመሬት ያለው ከፍታ 12 ሴንቲሜትር ገደማ ሆኖ ሰው ሲሞላ ይወርዳልና። በሲል የሚነካው ደግሞ ባትሪው ነው፣ ከአካሉ ጋር አብሮ የተሠራ ስለሆነ ጥገናው ውድ ነው። የአየር ሞላ ያለው ታይካን ከፍ ይላል።

ጎማ ሲመርጡ 21 ኢንች ቸርኬ ያምራል፣ ግን የጎማው ጎን ስስ ስለሆነ ኮብልስቶኑና የፍጥነት መግቻው ያሳብጠዋል። 19 ይበቃል። አብዛኞቹ ስኮርታ የላቸውም፤ የሚሰጠው ማጣበቂያ ፈሳሽ ምስማር የበሳውን እንጂ ጎኑ የተቀደደውን አይጠግንም።

ጥያቄ፦ በሳምንቱ መጨረሻ አዳማ እንሄዳለን። በማስታወቂያው "800 ኪሎሜትር" የሚል መኪና በአንድ ቻርጅ ያመላልሰኛል?

መልስ፦ ያመላልስዎታል፣ 800 ግን አይጠብቁ። ያ ቁጥር ሲኤልቲሲ በሚባለው የቻይና መለኪያ የተገኘ ነው፤ በዝግታ የከተማ ጉዞ ላይ ያዘነበለ ነው። በፍጥነት መንገዱ 120 ይዘው ሲሄዱ 2.2 ቶን የሚመዝን መኪና በ100 ኪሎሜትር 22 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይበላል። አዳማ ከአዲስ አበባ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። ሲወርዱ ከዚያ ከፍታ 4 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ያተርፋሉ፣ ሲመለሱ ያንኑ ከነባከነው ይከፍላሉ። ደርሶ መልስ 46 አካባቢ ይያዙ፤ ስለዚህ በ80 በመቶ የወጣ 82 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ይበቃል። የመመለሻው ከመሄጃው የሚበልጥ መሆኑን አይርሱ፤ አዳማ ሲደርሱ ግማሽ ቀረኝ ብሎ መዝናናት ያስቸግራል። 100 ሞልተው መውረድም አይመከርም፤ ባትሪው ስለሞላ ከፍሬን የሚመለሰውን ኤሌክትሪክ መቀበል አይችልም፣ ሸክሙ ሁሉ በፍሬን ሸራው ላይ ይወድቃል።

ጥያቄ፦ አስመጪው ግማሹን ቀብድ ክፈል፣ መኪናው ጂቡቲ ደርሷል ይለኛል። "ዜሮ ኪሎሜትር፣ የፋብሪካ ዋስትና ያለው" ነው። ውሉ ውስጥ ምን ላስገባ? (ከስታዲየም)

መልስ፦ "ዜሮ ኪሎሜትር" የሚባሉት ብዙዎቹ ቻይና ውስጥ በሰው ስም ከተመዘገቡ በኋላ እንዳገለገለ መኪና የተላኩ ናቸው። የባትሪው ዋስትና፣ በተለምዶ 8 ዓመት ወይም 160,000 ኪሎሜትር፣ መቆጠር የሚጀምረው እዚያ ከተመዘገበበት ቀን ነው፤ ከዚያም አገር ውጭ ብዙ ጊዜ አይሠራም። ስለዚህ "የፋብሪካ ዋስትና" የሚለውን ቃል አይቀበሉ። ዋስትናውን የሚሰጠው አስመጪው ራሱ ከሆነ ስሙ፣ ጊዜው፣ ባትሪውን፣ ሞተሩንና ኢንቨርተሩን (የባትሪውን ኤሌክትሪክ ለሞተሩ የሚለውጠውን ክፍል) የሚሸፍን መሆኑ፣ ጋራዡም የት እንደሆነ ይጻፍ።

ውሉ ላይ የሻንሲ ቁጥሩ፣ የባትሪው መጠን በኪሎዋት ሰዓት፣ የመሰኪያው ዓይነት በስሙ ይግባ። ኤስዩ7 ብቻ ብለው ከጻፉ መነሻው 299 ፈረስ ጉልበት ያለው ሊመጣልዎት ይችላል፤ ማክስ የሚለው 673 ነው፣ በውጭ መልኩ ግን ብዙም አይለያዩም። ቀረጡን በተመለከተ፣ ተገጣጥሞ ያለቀ የኤሌክትሪክ መኪና 15 በመቶ፣ በከፊል የተገጣጠመ 5 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ እንዲከፍል፣ ሙሉ በሙሉ ተበትኖ የሚገባ ደግሞ ነፃ እንዲሆን የተደነገገውን መነሻ አድርገው የከፈሉትን ከዲክላራሲዮኑ ጋር ያስተያዩ። ዲክላራሲዮኑ ላይ ያለው ቁጥር፣ ሊብሬው ላይ የሚገባውና መስታወቱ ሥር ያለው በአንድ ሆሄ እንኳ እንዳይለያዩ።

መኪናው ወደብ ላይ ወራት ሊቆም ስለሚችል የቻርጁ መጠን ያሳስባል። ከ30 እስከ 50 በመቶ ሆኖ ቢላክ ጥሩ ነው፤ ባዶውን ወራት የቆመ ባትሪ ሊጎዳ ይችላል። ሲረከቡ የቻርጁን መጠን ፎቶ ያንሱ፣ የ12 ቮልቱን ባትሪም ይለኩ። የእርሳሱ ዓይነት ከሆነ ቆሞ ከ12.2 ቮልት በታች ከሆነ ደክሟል፣ መኪናው ሲነሳ ከ13.5 በላይ ካልወጣ ደግሞ የሚሞላው ክፍል አይሠራም። ሃዩንዳይ አዮኒክ 5ን እና ወንድሞቹን ለሚገዙ ይህ ልዩ ጉዳይ ነው፦ ይህንኑ ሥራ የሚሠራው ክፍላቸው በ2024 እ.ኤ.አ. ለጥሪ ያበቃ ጉድለት ነበረበት።

ቀብዱን ከ20 በመቶ አያሳልፉ። ቀሪው የሚከፈለው ሊብሬው በስምዎ ከወጣ፣ ሁለቱም ቁልፎች ከተቆጠሩ፣ የቀድሞው ባለቤት አካውንት ተፈቶ በእርስዎ ስልክ ከተመዘገበ፣ መኪናውም በራስዎ መሰኪያ አንድ ጊዜ ቻርጅ ተደርጎ ከታየ በኋላ ይሁን።